ይርጋና የጠፈሩ ቅርጫ

የይርጋን ሞት የሰማሁት መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ሆኜ ነው። ገብስ ሻጩ ሚዛኑን በአውራ ጣቱ ሲጫን ይዤው እየተጨቃጨቅን ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሐያት ናት። ሐያት ስትደውል ገና «ሃሎ» ሳልል ወሬዋን የምታፈስ ልጅ ናት። ያን ቀን ግን የሚሰማኝ ትንፋሿ ብቻ ነበር።

«ምነው ልጄ?» አልኳት።

«እማማ... ይርጋ...»

የቀረውን አልተናገረችውም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ እዚያው የገብሱ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ያ የተጣላሁት ሻጭ ጎንበስ ብሎ «እናቴ፣ ማን ሞተብዎት?» አለኝ።

«ልጄ» አልኩት። ውሸት ስለማልወድ ወዲያው አስተካከልኩ። «የወለድኩት አይደለም። ተከራዬ ነበር።»

ሰውዬው ግራ ገባው። ለተከራይ ገበያ መሐል የምታለቅስ አከራይ አይቶ አያውቅም ይሆናል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልገፋሁበት። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ይርጋ ያሳየኝን ያህል ብቻ ነው። ቢሆንም ያየሁትን ለመጻፍ ያ ይበቃኛል።

ከጓሮ ያለችው ክፍሌ ድሮ የበግ ጠጉር ማስቀመጫ ነበረች። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ባዶዋን ስለቀረች የሚከራይ እንዲፈልጉልኝ ለሰው ነገርኩ። አንድ ቀን ረጅም፣ ቀጭን፣ አያቱ ለብሰውት የኖሩ የሚመስል በርኖስ የደረበ ወጣት መጣ። ኪራዩን አልጠየቀም። ጣሪያው ያፈስ እንደሆነም አላየ።

«እማማ፣ እዚህ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል?» አለኝ።

«ይጠፋል። ምን ይደረግ።»

«ብርዱስ?»

«ልጄ፣ ይሄ እኮ መንዝ ነው።»

«በጣም ጥሩ!» ብሎ እጁን በእጁ አሸ።

ብርድን ጥሩ የሚል ሰው ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ኋላ ሲያስረዳኝ ማሽኖቹ ሲሠሩ ስለሚግሉ ቆላ ላይ አይመቻቸውም አለኝ። የእሱ አገር ዓለም ከተማ ነው። «እኛ ጋ ሲሆን እኛም ማሽኑም ያልበናል፤ እዚህ ግን የምንንቀጠቀጠው እኛ ብቻ ነን» አለ።

ሦስት ነበሩ። ይርጋ፣ ከሞላሌ የመጣው ብሩክ፣ ከቆላው የነጋዴ ልጅ ሐያት። ደብረ ብርሃን አብረው ሲማሩ ነው የተዋወቁት። ወንዶቹ ከማሽኖቻቸው ጋር ጓሮ ያድራሉ፤ ሐያት እኔ ጋ፣ ከአልጋዬ ማዶ። ጎረቤት ማውራቱ አልቀረም። «ደብሪቱ ቤት ሁለት ጎረምሳና አንዲት ሙስሊም ልጅ ቀኑን ሙሉ በር ዘግተው ይውላሉ» አሉ። እኔም በሩን ከፈትኩና ያሙትን ሁሉ ጠርቼ አስገባኋቸው። መስኮት የሚያክል ነገር ላይ አፍጥጠው የተቀመጡ ሦስት ልጆች አይተው፣ አፍረው ሄዱ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ሥራቸው አልገባኝም ነበር።

«ጨዋታ እንሠራለን፣ እማማ» አለኝ ይርጋ።

«ጨዋታ ይጫወቱታል እንጂ ይሠሩታል እንዴ?»

«ሰው እንዲጫወተው መጀመሪያ አንድ ሰው ሊሠራው ይገባል።»

«የምን ጨዋታ ነው?»

«የጠፈር» አለና ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ጠቆመ። ቀና ብዬ አየሁ። ሸረሪት ነበረች።

ከዚያ አስቀምጦ አሳየኝ። ጥቁር ሰማይ ነው፤ ከዋክብት አሉበት። መርከብ የሚሏት አንዲት ብረት ብቻዋን ትከንፋለች። ድንጋይ ሲመጣባት ትተኩሳለች፤ ድንጋዩ ይበተናል፤ ሌላ ይመጣል።

«ውስጥ ያለው ማን ነው?» አልኩ።

«የጠፈር ተጓዡ ነው።»

«ብቻውን? ሰው የለውም?»

«የለውም።»

«ምን በድሎ ነው? ድንጋዩስ ምን አደረገው?»

ብሩክ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ይርጋም ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን የብዕሩን ክዳን አውጥቶ ቅንድቡን ማከክ ጀመረ። ነገር ሲከነክነው እንዲህ ያደርግ ነበር። ቅንድቡ ከብዕሩ ቀለም የተነሣ ሁልጊዜ ትንሽ ሰማያዊ ነበረ። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ በነጠላዬ ጫፍ እጠርግለታለሁ፤ እንደ ሕፃን ፊቱን ያኮማትራል።

ሌላም ነገር ነበረው። ከማሽኖቻቸው አንዱ በጣም አሮጌ ነው። ሲከፈት ያቃስታል፤ ሲፈልግ ይነሣል፣ ሲፈልግ አይነሣም። ይርጋ ያንን ማሽን «አንተ» ብሎ ጠርቶት አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ይልና «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? እባክዎ ይነሡ፣ ሥራ አለብን» ይለዋል። ሐያት በሣቅ ትሞታለች። እኔ መጀመሪያ ልጁ ነካ ያደርገዋል ብዬ ሰጋሁ።

«ለምንድን ነው አንቱ የምትለው?» አልኩት።

«በዕድሜ ይበልጠናላ! ከአንድ መሥሪያ ቤት ጡረታ ወጥተው ነው የመጡት» አለኝ፣ ሳይስቅ።

እንዲህ ያለ ልጅ ነበር። ለቀልዱ ይጠነቀቃል፤ ለሥራውም እንደዚያው። ሥራውን ሲያመሰግኑለት «ገና ነው» ይላል። ሲያንቋሽሹበትም «ገና ነው» ይላል። ሁለቱን የሚለየው ቅንድቡ ብቻ ነው።

የዚያ ዓመት ፋሲካ የቅርጫው በሬ የታረደው እኔ ግቢ ነው። በሬው ተገፎ፣ ሥጋው በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ በየመደቡ ተከፈለ። ከፋዩ ጎረቤቴ ሙላት ነው። ቅርጫ የወንዶች ጉዳይ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን የድርሻዬን ገንዘብ ከከፈልኩ የማላይበት ምክንያት አይታየኝም። መደቦቹን ዞሬ አየሁ።

«ሙላት፣ ያ መደብ ሻኛ በዝቶበታል። አንሣው።»

«አንቺ ሴት፣ ዓይንሽ ሚዛን ነው እንዴ?»

«ሚዛን ይሰርቃል። አንሣው አልኩህ።»

አነሣው። ከዚህኛው ጎድን ቀንሶ እዚያ፣ ከዚያኛው ጉበት ቀንሶ እዚህ አደረገ። ዕጣ የመጣሉ ጊዜ ሲደርስ ሁሉም ከየኪሱ አንድ ነገር አወጣ፤ ጠጠር፣ ስንጥር፣ ቆርኪ። ቀጥሎ የሚጥለው ሰው ተፈለገ። ድርሻ ያለው ሰው እንዳይሆን፣ የማን ዕጣ የቱ እንደሆነ የማያውቅም እንዲሆን ተባለ። ሐያት የእኛን ሥጋ አትበላም፤ እኛም የእነሱን አንበላም። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ካለነው ሁሉ ቅርጫው ላይ ምንም የማይመለከታት እሷ ብቻ ናት። ሙላት ራሱ «ይቺ ልጅ ትጣል» አለ። ሻርፗን አስተካክላ፣ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ጣለች። ማንም ቅር አላለውም።

ይርጋ ይሄን ሁሉ በርኖሱን ተከናንቦ ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«እማማ፣ ጋሽ ሙላት ሲከፍሉ የራሳቸው የትኛው እንደሚሆን ያውቃሉ?»

«በፍጹም።»

«ቢያውቁስ?»

«ቢያውቅማ እጁ ወዲያ ይሄዳል። ቅዱስ ቢሆንም ይሄዳል። ስለማያውቅ ነው ሁሉንም የራሱ እንደሆነ አድርጎ የሚከፍለው።»

ይርጋ አፉን ከፍቶ ቆመ። ከዚያ የደረሰውን ሥጋ እዚያው ቅጠሉ ላይ ጥሎ ወደ ጓሮ ሮጠ። ውሻ ሊበላበት ሲል እኔ ደረስኩለት።

ከፋሲካ በኋላ ያቺ ብቸኛ መርከብ ቀረች። አዲሱ ጨዋታ አራት መርከቦች አሉት፤ አራት ሰዎች አንድ ስልክ እየተቀባበሉ ሊጫወቱት ይችላሉ። መርከቦቹ በጠፈር የሚንሳፈፍ ድንጋይ ያሳድዳሉ። ድንጋዩ ውስጥ በረዶ አለ፣ ብረት አለ፣ ነዳጅ አለ። አንዱ ብቻውን ሊይዘው አይችልም፤ አራቱ ከበው ይጎትቱታል። ከያዙት በኋላ በተራው ከፋይ የሆነው ሰው በጣቱ እየጎተተ በአራት መደብ ይከፍለዋል። የቀሩት ያያሉ። ካልተስማማቸው «ይበዛል» የሚለውን ይጫናሉ፤ ከፋዩ እንደገና ይከፍላል። ሁሉም ዝም ሲሉ ስልኩ ዕጣውን ያወጣል።

መደቦቹን በተመለከተ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ብሩክ «ጠፈር ላይ ነገር መሬት አይነካም፤ ሁሉም ተንሳፍፎ ይሄዳል» ይላል። ይርጋ «እና ምን ላይ ይቀመጥ?» ይላል። ሐያት ምንም ሳትናገር ሣለችው። በጥቁሩ ሰማይ መሐል፣ ከዋክብቱ ሥር፣ አራት የባሕር ዛፍ ቅጠል ንጣፍ። ብሩክ አየና «ይሄ ትክክል አይደለም» አለ፤ ቆይቶ ደግሞ «ግን አይነካ» አለ።

ሥራቸውንም በቅርጫ አደረጉት። ሥዕሉ የሐያት፣ ድምፁ የብሩክ፣ ማሽኑን የሚያዝዘው ጽሑፍ የይርጋ ነው። የቀረው ግን ለሦስቱም ነው። ጨዋታው ለምን ቀጥ ብሎ እንደቆመ መፈለግ የሚባል ሥራ አለ፤ ማንም አይወደውም። ስሙን ጨጓራ አሉት። ይርጋ ሰኞ ሰኞ ሥራዎቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ከበግ ጠጉር በተሠራው ባናዬ ላይ በሦስት መደብ ያስቀምጣቸዋል። «እያንዳንዱ መደብ ሥጋም ጨጓራም ይኑርበት» ይላል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ዕጣ እጥላለሁ። የይርጋ ዕጣ የብዕር ክዳኑ፣ የብሩክ ቆርኪ፣ የሐያት የሻርፗ መርፌ ቁልፍ ነው።

አንድ ሰኞ ግን የጣልኩት ዕጣ ሳይነበብ ዓይኔን ቀድሜ ገለጥኩ። የይርጋ እጅ መርፌ ቁልፉንና የብዕር ክዳኑን ሲለዋውጥ አየሁት። ጨጓራ የበዛበትን መደብ ወደ ራሱ አዙሯል።

«አንተ!» አልኩ። «ዕጣ ሰረቅህ!»

ሦስቱም ደነገጡ። ይርጋ ቀላ።

«እማማ፣ ለራሴ አይደለም እኮ» አለ በቀስታ።

«አየሁ። ለምን ነካኸው?»

«ሐያት... እናቷ ታመውባት ስትመላለስ ሰነበተች። ትላንት ነው ከቆላ የተመለሰችው። ደክሟታል።»

ሐያት ብድግ አለች። «ይርጋ! እኔ ደከመኝ ብዬሃለሁ?»

«አላልሽም፤ ግን ይታያል።»

«ከታየህ አፍ የለህም?» አልኩት። እየጮህኩ ነበር፤ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። «ሥራዋ ይቀነስላት ብለህ እዚህ ብሩክ ፊት ብትናገር ማን ይከለክልሃል? በስውር የሰጠሃት ነገር የእሷ አይደለም። ዛሬ ሳታውቅ ጨመርክላት፤ ነገ ሳታውቅ ትቀንስባታለህ። ከዚያ በኋላ እኔ የምጥለው ዕጣ ምን ሊሆን ነው?»

ብሩክ አቀርቅሮ «እኔ እኮ ብትጠይቁኝ እሺ እላለሁ» አለ።

«ሰማህ? ብትጠይቁኝ ነው የሚለው።»

ይርጋ ቅንድቡን አከከ። ከዚያ ተነሥቶ ሐያት ፊት ቆመና እንደ ችሎት «የዚህ ሳምንት የሐያት ድርሻ ይቀነስ፤ የሚቃወም አለ?» አለ። ሐያት «እኔ እቃወማለሁ!» አለች። ተሳሳቁ። ተከራክረው ተከራክረው፣ ጨጓራውን ብቻ ተውላት።

በሳምንቱ ይሄ ነገር ጨዋታው ውስጥ ገባ። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት አንዱ ተጫዋች መርከቡ ተጎድታበት ከሆነ ሌላው «ይጨመርለት» ሊል ይችላል። ሁሉም እሺ ካሉ ይጨመርለታል። ተደብቆ መስጠት ግን አይቻልም። ይርጋ ሊያሳየኝ ስልኩን ይዞ ወጥ ቤት ድረስ መጣ። «እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ቁጣ ነው» አለኝ። ሰድቦኝ ይሁን አመስግኖኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጨዋታውን የሰሙ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። የድርጅታቸውን ስም መጥራት አልፈልግም። አለቃቸው ወጣት ነው፤ ለመሐል ሜዳ ብርድ የማትሆን ስስ ጃኬት ለብሶ ይንቀጠቀጣል። ጋቢ ሰጠሁት። ሥዕሉን ወደደው፤ ድምፁንም ወደደው። ሦስቱንም ቀጥረን ጨዋታውን በየአገሩ እናወጣዋለን አለ።

«አንድ ነገር ብቻ ይስተካከል» አለ ቀጥሎ። «መሪው ቀድሞ መደቡን ይምረጥ። ወይም ገንዘብ የከፈለ ተጫዋች ትልቁን ይውሰድ። እንደዚህ እንዳለ ጎበዙም ሰነፉም እኩል ነው የሚያገኘው።»

«አንድ ጊዜ ይጫወቱት» አለው ይርጋ።

አራት ሰው ተፈለገ። አለቅየው፣ ይርጋ፣ ብሩክ፣ እኔ። ሐያት ከኋላዬ ቆማ ጣቴን ትመራኛለች። ድንጋዩን ያዝን። ከፋዩ አለቅየው ሆነ። ቀልጠፍ ያለ ሰው ነው፤ ነዳጁን ሁሉ አንድ መደብ ላይ ከመረው። ይርጋና ብሩክ «ይበዛል» ሊሉ ሲሉ እኔ ከለከልኳቸው።

«ተዉት» አልኩ። «ይከምር።»

ዕጣው ወጣ። ነዳጁ በሙሉ ለእኔ ደረሰ። ለአለቅየው የደረሰው አመድ የመሰለ ድንጋይ ነው።

«እንግዲህ ብላ ልጄ» አልኩት። «ጨጓራ ለብርድ ጥሩ ነው።»

ከልቡ ሳቀ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ግን ይርጋን ትከሻውን ይዞ «ወንድሜ፣ ቆንጆ ነገር ነው የሠራችሁት። ግን ሰው እኩል ለመሆን አይጫወትም። ሰው የሚጫወተው ለመብለጥ ነው። ካልቀየራችሁት ማንም አይፈልገውም» አለው።

ያቺ ቃል ይርጋ ውስጥ ገባች። የሚያስጨንቀው ገንዘቡ አልነበረም። ልብስ ሳሰጣ አጠገቤ ቆሞ «እማማ፣ ሰውዬው ልክ ቢሆንስ?» አለኝ። «ማንም የማይፈልገውን ነገር ከሆነ የሠራሁት፣ ምን ሠራሁ ይባላል?»

«አንተ ትክክል ነው ብለህ አይደል የሠራኸው?»

«ትክክል መሆኑ አይበቃም። ጨዋታ ነው። ሰው ካልተጫወተው ጨዋታ አይደለም።»

የእርጥቡን ጋቢ አንዱን ጫፍ አስያዝኩትና አብረን አሰጣነው።

ሦስቱ ተቀምጠው መከሩ። ብሩክ እንቀበል አለ። ሞላሌ የታጨችለት ልጅ አለች፤ አባቷ ባገኙት ቁጥር ሥራውን ይጠይቁታል። «እኔ መኖር አለብኝ» አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ልቆጣ አፌን ስከፍት ይርጋ «ቆይ» ብሎ እጁን አነሣብኝ። አንድም ቀን እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም።

«እማማ፣ ብሩክ ልክ ነው» አለ። «እሱ ሂድ ሲባል የሚሄድበት ምክንያት አለው፤ እኔ ቅር ሲለኝ የምቀርበት ምክንያት አለኝ። ሁለታችንም አልሰረቅንም።»

ብሩክ ያው ድርጅት ጋ ብቻውን ተቀጠረ። የሚሄድ ለት ይርጋ ዕቃውን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው። የብሩክን ድምፆች ከጨዋታው አላወጣም፤ ስሙንም ከራሱ ስም በፊት አስቀመጠው። ሐያትና ይርጋ ጨዋታውን እንዳለ፣ ሳይቀይሩት ለሰው አወጡት።

የመጀመሪያዎቹ አስተያየቶች ሲመጡ ይርጋ ጓሮ ተቀምጦ አነበበልኝ። አንዱ «ጨዋታው ማሸነፍ የሚባል ነገር የለውም እንዴ?» ይላል። አንዱ «ይደብራል» ይላል። አንድ ሌላ ሰው «ቅጠሉ ያምራል» ብሏል። ይርጋ «ቅጠሉስ ተወደደ» ብሎ ሳቀ። ቅንድቡ ግን ያን ቀን ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ነው የዋለው።

ኩላሊቱን እንደሚያመው የነገረን ቆይቶ ነው። ፊቱ ማበጥ ሲጀምር ሐያትና እኔ ተጋግዘን ሐኪም ዘንድ አደረስነው። ከዚያ ወላጆቹ ዘንድ፣ ዓለም ከተማ ገባ። ስልክ ሲደውል ሰላምታው «እማማ፣ መብራት አለ?» ነበር። ያን አሮጌ ማሽን አደራ ብሎኝ ነበርና ሐያት ስትከፍተው «ጋሼ ተነሡ?» ብሎ ይጠይቃል። ሕመሙን ሲጠይቁት ያጥራል፤ ጨዋታውን ሲጠይቁት ይረዝማል። ማን እንደተጫወተው፣ ስንቴ ተጫውቶ እንደተወው ይነግረኛል። ብዙዎቹ ይተዉታል። እሱ ግን በየሳምንቱ የሆነች ነገር ያስተካክልበት ነበር።

እኔና ሐያት መኪና እየቀያየርን ለለቅሶው ዓለም ከተማ ስንደርስ ቀብሩ አልፏል። ብሩክ ከአዲስ አበባ ቀድሞን ደርሶ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል። ሲያየን ተነሥቶ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። አስነሣሁት።

የይርጋ አባት አቶ ማሞ አጭር፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ወንድማቸው ተቀምጠዋል። ለቅሶ ቤት ለማምሸት እንደሚደረገው፣ ሁለት ሰዎች ከድንኳኑ መሐል ካርታ ይጫወታሉ። ስማችንን ነገርን፤ ከእኛ ጋር ይሠራ እንደነበር አስረዳን። ካርታ ከሚጫወቱት አንዱ፣ ደንደን ያሉ ሽማግሌ፣ ቀና ብለው «ለመሆኑ ሥራው ምን ነበር?» አሉ።

አቶ ማሞ ናቸው የመለሱት። «ጨዋታ ይሠራል ይሉኝ ነበር። አንድም ቀን አላሳየኝም።» ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «አባቴ ይስቅብኛል ብሎ ይሆናል» አሉ።

«ብሩክ፣ ስልክህን አምጣ» አልኩ።

ሐያት ክንዴን ያዘችኝ። «እማማ፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው!»

«ካርታው ምንድን ነው ታዲያ?»

ብሩክ ጨዋታውን ከፍቶ ለአቶ ማሞ አስያዛቸው። ወንድማቸው ተጠጉ። ካርታ የሚጫወቱትም ሁለቱ «ምንድን ነው?» እያሉ መጡ። ብሩክ ለእያንዳንዳቸው አሳያቸው። መጀመሪያ ድንጋዩ አመለጣቸው። መርከቦቹ እርስ በርስ ተጋጩ።

«ይሄን ነገር ከመንዳት አህያ መንዳት ይሻላል» አሉ ወንድማቸው።

«አንተ እኮ ነህ የገጨኸኝ!» አሉ ደንዳናው ሽማግሌ።

በስንት መከራ ያዙት። የመጀመሪያው ከፋይ አቶ ማሞ ሆኑ። ጣታቸው ወፍራም ነው፤ ማረሻ የለመደ ነው። በረዶውን ወደዚህ፣ ብረቱን ወደዚያ እየገፉ አራት መደብ አደረጉ። ወንድማቸው ስልኩን ተቀብለው አጤኑና «ይበዛል» የሚለውን ተጫኑ።

«የቱ ነው የሚበዛው?» አሉ አቶ ማሞ፤ ተቆጥተው።

«ይሄኛው በረዶ በዝቶበታል። ለራስህ ልታደርገው ነው!»

«የማን እንደሚሆን እኔ በምን አውቃለሁ?»

ይሄን ካሉ በኋላ ቀጥ አሉ። ስልኩን አዩ፤ ቅጠሎቹን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ሦስታችንን በየተራ ተመለከቱን።

«ይሄን ማን ነው ያሰበው?»

«ይርጋ ነው፣ አባባ» አለች ሐያት።

አቶ ማሞ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ጫን አድርገው ቆዩ። ከዚያ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው፣ አንዲቱን በረዶ ከዚህ መደብ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ ማዛወር ጀመሩ። ማንም አላጣደፋቸውም። ሲጨርሱ ለወንድማቸው ሰጧቸው። ወንድማቸው እያንዳንዱን መደብ በጣታቸው እየነኩ አዩ።

«አሁን ልክ ነው» አሉ። «ዕጣው ይውጣ።»

ዕጣው ወጣ። ሁሉም የደረሰውን ለማየት ግንባር ለግንባር እስኪጋጩ ተደፉበት። ብሩክ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ምሰሶ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ደንዳናው ሽማግሌ ግን አላዩትም። መሬት ላይ የቀረውን ካርታቸውን ሰብስበው ኪሳቸው ከተቱና እጃቸውን ለስልኩ ዘረጉ።

«ሌላ ድንጋይ አምጡ» አሉ። «አሁን ከፋይ እኔ ነኝ።»